የቢላ ሰገባ መስፋት ጀምሬ ተቸግሬያለሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሐዋሳ ነው። ለአባቴ ማረጃ ቢላ በእጄ የቆዳ ሰገባ እየሰፋሁለት ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ ስለሚይዘው እጁን እንዳይቆርጠው እሰጋለሁ።

ዋናው ችግሬ ቆዳው ነው። ከጫማ ሰሪዎች የማገኘው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ፣ ለስላሳ ነው። ውሃ ነክሬ ቢላው ላይ ቅርጽ አስይዘዋለሁ፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይልፈሰፈሳል። በዛፍ ቅርፊት የለፋ፣ ጠንከር ያለ ቆዳ ቅርጹን ይይዛል። 3 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ በቁራጭ የሚሸጥ የት ይገኛል? ሻሸመኔም ቢሆን እሄዳለሁ።

ሌላው ስፌቱ ነው። ስለቱ ክሩን እንዳይበጥሰው ጠርዙ ላይ፣ በሁለቱ ቆዳ መሀል ቀጭን ቁራጭ አስገባለሁ። ታዲያ ሦስቱን ድርብ ስወጋ ወስፌው ይንሸራተታል። ከፊት ቀጥ ያለው ስፌት ከኋላ ጠማማ ይወጣል። ቀዳዳውን የምበሳው በማስቲሽ ከማጣበቄ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በእጃችሁ የሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።