ቶቢ አሙሳን «የአንድ ምሽት ሻምፒዮን» ናት?

ሦስት እርምጃ፦ አንዱ እዚሁ ስለ ናይጄሪያዊቷ መሰናክል ሯጭ ቶቢ አሙሳን «የአንድ ምሽት ሻምፒዮን ናት፣ ሰዓቱ ነው የሸለማት» ብሎ ጽፏል። አንብቤ ደሜ ፈላ። በ2022 የዓለም ሻምፒዮና፣ አሜሪካ ዩጂን ላይ፣ በ100 ሜትር መሰናክል ግማሽ ፍጻሜ በ12.12 ሰከንድ ገብታ የ12.20ውን የዓለም ሪከርድ ሰበረች። ከኋላ የሚገፋው ንፋስም በሰከንድ 0.9 ሜትር ብቻ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ታድርግ?

ሰዓት ጠባቂ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አላነሳውም። የቀድሞው አሜሪካዊ የሩጫ ሻምፒዮን ማይክል ጆንሰንም ያኔ ሰዓቶቹ ትክክል ናቸው ብሎ እንደማያምን ጽፏል። በአንድ ዙር 12 ሯጮች የግል ሰዓታቸውን አሻሻሉ። አይገርምህም?

ሦስት እርምጃ፦ ይገርመኛል። ከመገረም ተነስተህ «ሰዓቱ ሸለማት» ላይ እንዴት ደረስክ? በማጣሪያው 12.40 ሮጣ የአፍሪካን ሪከርድ ሰብራ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ምሽት ደግሞ ፍጻሜውን በ12.06 አሸነፈች።

ሰዓት ጠባቂ፦ 12.06ን ተወው። ንፋሱ 2.5 ነበር፣ ከ2.0 ካለፈ ሪከርድ አይሆንም።

ነጭ መስመር፦ ሪከርድ ባይሆንም ወርቅ ይሆናል። ደግሞ ንፋስ ለመሰናክል ሯጭ ሁሌ ወዳጅ አይደለም። ሮጬው ስለማውቅ ነው የምለው። በመሰናክሎቹ መሃል 8.5 ሜትር ነው፣ በሦስት እርምጃ ታልፈዋለህ። ንፋሱ ከኋላ ሲገፋህ እርምጃህ ይረዝምና መሰናክሉ ሳትዘጋጅ አፍንጫህ ሥር ይደርሳል። እግርህን ቶሎ ካላነሳህ እንጨቱ ይመታሃል። እሷ አስሩንም በዚያ ንፋስ አልፋ አሸንፋለች።

ዳር ተመልካች፦ ሪከርዱን የሰበረችበትን ጫማስ? የረጅም ርቀት ሯጮች ጫማ ነበር።

ነጭ መስመር፦ ሕመም ስለነበረባት ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ እንደጠየቀች ራሷ ተናግራለች። ችሎታዬ ጫማዬ ላይ አይደለም ብላለች። እኔ አምናታለሁ።

ሰዓት ጠባቂ፦ ወደ ጫማ አትውሰዱኝ። ያልኩት «የአንድ ምሽት» ነው። በቡዳፔስት 2023 የዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛ ወጣች። በፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ፍጻሜ እንኳን አልገባችም።

ሦስት እርምጃ፦ እሺ፣ ምሽቶቹን እንቁጠር። በርሚንግሃም 2022 የኮመንዌልዝ ወርቅ፣ 12.30። የዳይመንድ ሊግ (በየዓመቱ የሚካሄደው የአትሌቲክስ ውድድሮች ተከታታይ) ዋንጫ በ2021፣ በ2022፣ በ2023። ቶኪዮ 2025 የዓለም ሻምፒዮና ብር፣ 12.29። ይሄ ስንት ምሽት ሆነ? ቡዳፔስት ላይ ደግሞ እገዳው በተነሳላት በአምስተኛው ቀን ነው ማጣሪያ የሮጠችው።

ሰዓት ጠባቂ፦ እገዳውን እኔ አላነሳሁም፣ አንተ ነህ ያመጣኸው። ሦስት የዶፒንግ (የአበረታች መድኃኒት) ምርመራ አምልጧታል ተብሎ አልነበር?

ነጭ መስመር፦ ተብሎ ነበር። ክሱ ታይቶ ነፃ ወጣች። ይግባኙንም የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት በ2024 ውድቅ አደረገው። ያለቀ ነገር አትቆስቁስ።

ሰዓት ጠባቂ፦ ነፃ መውጣቷን አልካድኩም። የኦሊምፒክ ሜዳሊያዋን ግን አሳዩኝ።

ሦስት እርምጃ፦ የላትም። በ2021 ኦሊምፒክ አራተኛ ስትወጣ አልቅሻለሁ። እሱን እቀበላለሁ። «የአንድ ምሽት» የምትለውን ግን አጥፋ።

ሰዓት ጠባቂ፦ አላጠፋም።