ስኳር ያለበት ሰው ፒኤችኪው-9 ላይ 13 ሲያመጣ፦ ድባቴ ነው ወይስ ስኳሩ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ (ሁለቱም ስኳር የሚያወርዱ ኪኒኖች) የሚወስድ ሰው ፒኤችኪው-9 (እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 የሚሰጥባቸው ዘጠኝ የድባቴ ጥያቄዎች) ተሞልቶለት 13 ነጥብ መጣ እንበል። መቁረጫው 10 ስለሆነ ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት መጀመር ይበቃል? ድካሙም እንቅልፉም ከስኳሩ ሊመጣ ይችላል ብዬ ነው።

መልስ 1
ድምሩን ተዉትና ነጥቡ ከየት እንደተለቀመ ተመልከቱ። እንቅልፍ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎትና ትኩረት እያንዳንዳቸው 3 ከሆኑ ብቻቸውን 12 ይሞላሉ፤ ስኳር ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ አራቱንም ሊያሟላ ይችላል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ሲያልፍ በሽንት መውጣት ስለሚጀምር ሌሊቱን ሲመላለስ ያድራል። ስለዚህ «እንቅልፍ ይነሳሃል?» ብቻ አይበቃም፤ «ሽንት ነው የሚቀሰቅስህ ወይስ እንዲሁ ነቅተህ ትቀራለህ?» በሉት።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ (ደስታ ማጣትና መከፋት) ተደምረው 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ግን ጉዳዩን በስኳር አታመካኙ። 9ኛው ጥያቄ (ሞትን መመኘት ወይም ራስን ለመጉዳት ማሰብ) ከ0 ካለፈ በዚያው ቀን፣ ለብቻው አነጋግሩት። ቤት ውስጥ ስንት ኪኒን እንዳለም ጠይቁ፤ ግሊቤንክላማይድ ከመጠን በላይ ከተወሰደ ስኳርን እጅግ አውርዶ ሊገድል ይችላል።

መልስ 2
የድባቴ መድኃኒት ከመጀመር በፊት ቫይታሚን ቢ12፣ ታይሮይድና ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያ) ይታዩ። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ያሳንሳል፤ ድካም፣ የስሜት መውረድና የእግር መደንዘዝ ያመጣል። መደንዘዙ «የስኳር ነው» እየተባለ ይታለፋል። ሄሞግሎቢኑ ደህና መሆኑም አያዘናጋችሁ፤ ደም ሳያንስም ቢ12 ሊያንስ ይችላል።

የሚከፋው ስለ ስኳሩ ሲወራ ብቻ ከሆነ፣ ጣት መውጋቱና የምግብ ቁጥጥሩ አንገፍግፎት ከሆነ፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። የሚጠቅመው የድባቴ ኪኒን ሳይሆን ሕክምናውን ማቅለል ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ። ሁለቱ ጥያቄዎች 2 እና 2 ቢሆኑስ? ሌሊት እግሩንም ያቃጥለዋል። አሚትሪፕቲሊን (የቆየ የድባቴ መድኃኒት) ለሁለቱም አይሆንም?

መልስ 3
ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አሚትሪፕቲሊን ለእግር ማቃጠል ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ይህ መጠን ድባቴን አይነካውም። ለድባቴ ወደሚሆነው መጠን ከፍ ሲል ክብደት ይጨምራል፣ ስኳሩም ይከተላል፤ ሲነሳ ማዞር፣ ሽንት መከልከልና የልብ ምት መዛባትም አለ። ኩላሊቱና ጉበቱ ደህና ከሆኑ ዱሎክሰቲን የሚባለው ሌላ የድባቴ መድኃኒት ለሁለቱም ይሠራል፦ 30 ሚሊግራም ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ 60። ከሌለ ለድባቴው ሰርትራሊን። እሱም እንደ ሜትፎርሚን ሆድ ስለሚያላላ በዚያው ሳምንት ሜትፎርሚኑን አትጨምሩ። ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሎክሰቲን ግን ስኳር የማውረድ ጠባይ ስላለው ከግሊቤንክላማይድ ጋር ባይደረብ እመርጣለሁ።

ላብ፣ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት ሲመጣ «ጭንቀት ነው» ከማለት በፊት ስኳሩ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጦ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል።

ለውጥ ከ4 ሳምንት በፊት ባይታይ አትደንግጡ፤ ከተሻለው በኋላም ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል።

አንድ ነገር ልጨምር። በድባቴው ወራት ኪኒኑን እየዘለለ ስኳሩ «አልወርድ ስላለ» ግሊቤንክላማይዱ ተጨምሮለት ሊሆን ይችላል። ሲሻለው በሥርዓት መዋጥ ይጀምራል፤ ያ የተጨመረው መጠን ያን ጊዜ ስኳሩን ከልክ በላይ አውርዶ ይጥለዋል። ስለዚህ ድባቴውን ማከም ስትጀምሩ በሳምንት ስንት ቀን በትክክል እንደሚውጥ ጠይቁና መጠኑን እንደገና እዩት።