ብሉ ፒል ቦርዴ አንዴ ከተጫነ በኋላ ከኦፕን ኦሲዲ ጋር አልገናኝ አለ

የኪቶ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ ነገር እየሠራሁ ነው። ቦርዱ ብሉ ፒል የሚባለው ትንሽ ሰርኪዩት ነው፣ ቺፑ ኤስቲኤም32 ኤፍ103። ኮዱን ከላፕቶፕ ወደ ቺፑ የማስገባበት መጫኛ ደግሞ ያ ፍላሽ ዲስክ የሚመስለው ርካሹ ኤስቲ ሊንክ። ላፕቶፔ ከባድ አይዲኢ (የኮድ መሥሪያ ፕሮግራም) ስለማይችል ሥራዬ በሙሉ ኡቡንቱ ላይ በተርሚናል ነው። ኮዱን መነሻ ኮድ በሚያወጣው ኪዩብ ኤምኤክስ ጀመርኩት፣ በሜክ ኮምፓይል አደረግኩ (ወደ ቺፑ ቋንቋ ቀየርኩ)፣ በኤስቲ ሊንኩ በኩል ከቺፑ ጋር በሚያገናኘው ኦፕን ኦሲዲ ጫንኩ። ሠራ፤ ኤልኢዲው ብልጭ ድርግም ይላል። ኮዱን አሻሽዬ እንደገና ልጭን ስል ግን ኦፕን ኦሲዲ ቺፑን አላገኘሁትም ይላል። ሽቦ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ሌላ ቦርድ ከአዲስ አበባ ላስመጣ?

ሽቦ በጣሽ፦
ተቃጥሏል። ርካሽ ዕቃ እንዲህ ነው። ሌላ ግዢ።

አባ ተርሚናል፦
ኧረ ተው፣ ልጅቷን አታስደንግጣት! ኤልኢዲው እየበራ ምኑ ተቃጠለ? የኪቶ ልጅ፣ ኪዩብ ኤምኤክስ ውስጥ "ሲስ" ከሚለው ሥር "ዲበግ" (ቺፑን ከውጭ መቆጣጠሪያና ስህተት መፈለጊያ) የሚል ምርጫ አለ። "ሲሪያል ዋየር" (በሁለት ሽቦ መገናኛው) ላይ ነው ያለው?

የኪቶ ልጅ፦
የለም፣ እንደመጣ ነው። "ኖ ዲበግ" ይላል።

አባ ተርሚናል፦
በቃ፣ እሱ ነው። በኤፍ1 ቺፖች ላይ ይህን ካልመረጥሽ ኪዩብ ኤምኤክስ የዲበግ መስመሩን የሚዘጋ ትእዛዝ ራሱ ኮድሽ ውስጥ ይጽፋል። ቺፑ ሲነሳ ፒኤ13 እና ፒኤ14 የሚባሉት ፒኖቹ ለዲበግ ክፍት ናቸው። ኮድሽ መሮጥ እንደጀመረ ይዘጋቸዋል። ኦፕን ኦሲዲ የሚደርሰው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጭነት የሠራውም ያኔ የሚዘጋ ኮድ ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ኮድሽ እንዳይነሳ አድርጊ። ቦርዱ ላይ ቡት 0 የሚለውን ጃምፐር (ተነቃይ ማገናኛ) ወደ 1 አዙሪ፣ ቡት 1 እዛው 0 ላይ ይቆይ፣ ሪሴት ተጫኚ። አሁን የሚነሳው ቺፑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ቡትሎደር (ማስነሻ ኮድ) ነው። ኦፕን ኦሲዲ ይገናኛል። "ሲሪያል ዋየር" መርጠሽ ያዘጋጀሽውን አዲስ ኮድ ጫኚና ጃምፐሩን መልሺው።

ማታ ማታ፦
ጃምፐር ሳይነካም ይሆናል። ሪሴቱን በጣትሽ ተጭነሽ ያዢ፣ ኦፕን ኦሲዲን አስነሺ፣ ወዲያው ልቀቂ። ትንሽ ጊዜውን መልመድ ይፈልጋል። እዛ ርካሽ ኤስቲ ሊንክ ላይ ያለውን "አርኤስቲ" ፒን ግን አትመኚበት፤ ብዙዎቹ ላይ የሚያገለግለው ኤስቲኤም8 ለሚባሉት ሌሎች ቺፖች ነው።

ደግሞ ኦፕን ኦሲዲ "ያልተጠበቀ አይዲ ኮድ" (የቺፑ መለያ ቁጥር) ካለሽ አትደንግጪ። በቁጥሩ መጀመሪያ ከዜሮ ኤክስ (0x) ቀጥሎ 1 መሆን የነበረበት 2 ከሆነ ቺፑ ኮፒ ነው ማለት ነው። "ሲፒዩ ታፕ አይዲ" የሚለውን ዋጋ 0 አድርጊው፤ ግን የቺፑን ዓይነት ለኦፕን ኦሲዲ የሚነግረው የታርጌት ፋይል ከመጠራቱ በፊት። ኮፒውም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

የኪቶ ልጅ፦
በጃምፐሩ ተከፈተ! እግዜር ይስጥልን። አሁን ሴንሰሩ አልፎ አልፎ ዜሮ ያነባል። በጂዲቢ (ኮዱን እያስቆሙ ማያ ፕሮግራም) ተለዋዋጩን፣ ማለትም ንባቡን የያዘውን ስም፣ ላይ ስል "ኦፕቲማይዝድ አውት" ይለኛል።

አባ ተርሚናል፦
ኮምፓይለሩ አሳጥሮት ነው። ሜክ በሚያነበው ሜክፋይል ውስጥ ኦፕቲማይዜሽኑን (ኮድ ማሳጠሩን) ለዲበግ በሚመቸው "ኦጂ" (-Og) አድርጊ፣ የዲበግ መረጃ የሚያስገባው "ጂ" (-g) መኖሩንም እዪ፣ ከዚያ ሜክ ክሊን ብለሽ እንደገና ገንቢ።

ኦፕን ኦሲዲ በአንድ ተርሚናል ይሩጥ። በሌላው ጂዲቢ መልቲአርክን በኤልፍ ፋይሉ ክፈቺ፣ ቢን ፋይሉን አይደለም፤ ቢን ውስጥ የተለዋዋጭ ስም የለም። ከፖርት 3333 ጋር ተገናኚ። ቀጥሎ "ሞኒተር ሪሴት ሆልት"፣ ከዚያ "ሎድ"። ሴንሰሩን የምታነቢበት ፈንክሽን ላይ ብሬክፖይንት (ኮዱ የሚቆምበት ምልክት) አድርጊና "ኮንቲኒው" በይ። ይህ ቺፕ 6 የሃርድዌር ብሬክፖይንት ብቻ ስላለው አትበትኛቸው። ከዜሮው ይልቅ ፈንክሽኑ የሚመልሰውን የስህተት ኮድ እዪ፤ ብዙ ሰው እሱን ሳያይ ነው ሴንሰር የሚቀይረው።

ማታ ማታ፦
ዋችዶግ (ኮዱ ሲቆም ቺፑን ሪሴት የሚያደርግ ቆጣሪ) ካበራሽ ብሬክፖይንት ላይ ስትቆሚ እሱ መቁጠሩን ሊቀጥልና ቺፑን ሪሴት ሊያደርገው ይችላል። እስክትጨርሺ አጥፊው።