ጃክ ለምን ሳንቃው ላይ አልወጣም?

ጠያቂ፦
ትናንት ማታ ከእህቴ ጋር ታይታኒክ የተባለውን ፊልም ደግመን አየን። መርከቧ ሰጥማ ሮዝ ሳንቃ ላይ ስትተርፍ ፍቅረኛዋ ጃክ ግን ውሃው ውስጥ ቀርቶ በብርድ ይሞታል። እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ሳንቃውን በዓይኔ እለካለሁ! ሮዝ ዘና ብላ ተኝታበታለች። አጠገቧ ለጃክ የሚበቃ ቦታ አለ። ታዲያ ምን ነካው? እህቴን ብጠይቃት «ዝም ብለህ እይ» አለችኝ። እስቲ እናንተ መልሱልኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ትንሽ ወደኋላ መልሰህ እየው። ጃክ ሊወጣ ሞክሮ ሳንቃው ተገልብጧል። ጉዳዩ የቦታ ሳይሆን የክብደት ነው። ሁለት ሰው ከወጣበት ይሰምጣል። ውሃው ደግሞ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። ግማሽ አካላቸው ውሃ ውስጥ ከቀረ ብርዱ ሁለቱንም ይጨርሳቸዋል።

መልስ 2፦
የሮዝን የሕይወት አድን ጃኬት ከሳንቃው ስር ቢያስሩትስ? ሚዝባስተርስ የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሞክሮት ሠርቷል። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ግን አልተዋጠለትም። በዚያ ብርድ ውሃ ስር ገብቶ ጃኬት ሲያስር ጃክ ያልቅለታል ባይ ነው። ሌላ ጊዜ ሲጠይቁትም ስክሪፕቱ ገጽ 147 ላይ ጃክ ይሞታል ስለሚል ነው ብሎ ገላገላቸው። እኔን ያሳመነኝ ይሄኛው ነው።

መልስ 3፦
ካሜሮን ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ዶክመንተሪ ሁለት ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ ፈትሾታል። ሮዝ ጃኬቷን ብትሰጠው ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር አለ። ግን እሷን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ጃክ በጭራሽ አያደርግም ብሎ አሰበ። በነገራችን ላይ፣ የፊልሙ ሳንቃ የተሠራው ካናዳ ሃሊፋክስ ሙዚየም ውስጥ ያለን የእውነተኛዋ መርከብ ስብርባሪ አስመስለው ነው።