በስታሊን መሳቅ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ተመልካች፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የሶቪየቱ መሪ ስታሊን ሲሞት ሹማምንቱ ለሥልጣን ሲሻሙ ስለሚያሳየው «የስታሊን ሞት» ስለተባለው የ2017 (እ.ኤ.አ.) ኮሜዲ ሲወራ አንዱ ብድግ ብሎ «ሩሲያ ማገዷ ልክ ነው፤ ሬሳ ላይ አይሳቅም» አለ። ላይኩም ዘነበለት። ለማያስታውስ፣ የሩሲያ ባህል ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ፊልሙ ሊታይ ሁለት ቀን ሲቀረው ፈቃዱን ነጠቀ። እኔ የምጠይቀው፣ የማን ሬሳ? የሰውዬው ነው ወይስ እሱ የጨረሳቸው?

ኮስታራው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። በ1937 እና በ1938 ብቻ ወደ 680 ሺህ ሰው ተረሽኗል። ፊልሙ ላይ የሚታሰሩ ሰዎች ስም ዝርዝር ይታደላል፣ ጥይት ይጮሃል፣ ወዲያው ደግሞ ቀልድ ይከተላል። የሟቾቹ ልጆች እኮ ዛሬም አሉ።

ጠያቂ፦ ቀልዱ ግን በሟቾቹ ላይ አይደለም። የሚሳቀው ወንበር ለመሻማት በሚራኮቱት ነው። ስታሊን ወለል ላይ ተዘርሮ፣ ሽንቱ ላይ ተኝቶ፣ ጠባቂዎቹ ቀኑን ሙሉ በሩን ለመክፈት ፈሩ። ይሄን ድርሰት ጸሐፊ አልፈጠረውም። ሐኪም ይጠራ ሲባል ደግሞ ስመ ጥሮቹ ሐኪሞች «መሪዎችን ሊገድሉ አሲረዋል» ተብለው እስር ቤት ናቸው። ከዚህ በላይ ቀልድ ማን ይጽፋል?

ኮስታራው፦ «ማን ይጽፋል»! ጥሩ ብለሃል። እውነቱ ይህን ያህል ከበቃ ለምን ይዋሻል ታዲያ? ፊልሙ ላይ ወታደሮች ለቀስተኛውን በጥይት ያጭዱታል። በእውነቱ ሰው ያለቀው በግፊያ ነው። የምስጢር ፖሊሱ አለቃ ቤሪያም ቢሆን የታሰረው በጁን፣ የተረሸነው በዲሴምበር 1953 ነው። ፊልሙ ግን በቀናት ውስጥ ጨረሰው።

ፊልም ወዳጅ፦ ወይ ጉድ፣ ዘጋቢ ፊልም መስሎህ ነው? የጦር አዛዡ ማርሻል ዡኮቭ በሰሜን እንግሊዝ ቅላጼ እየተሳደበ ታሪክ ልትማር ነው የተቀመጥከው?

ባለ ቅላጼው፦ እኔን ያስጠላኝ እሱ ነው! ስታሊንን የተካው ክሩሽቼቭ የኒውዮርክ ብሩክሊን ልጅ ሆኖ ሲያወራ እንዴት ልመን?

ፊልም ወዳጅ፦ እና በእንግሊዝኛ ላይ የሩሲያ ቅላጼ ቢለጥፉበት ታምን ነበር? ስታሊን ራሱ ሩሲያኛን በጆርጂያ ቅላጼ ነበር የሚናገረው።

ባለ ቅላጼው፦ ይሄ መልስ አይደለም።

ተመልካች፦ ወደ ሬሳው እንመለስ እባካችሁ። ኮስታራው፣ የጠየቅኩህን አልመለስክም። በዚያ ዘመን ቀልድ ያወራ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 58 «ጸረ ሶቪየት ቅስቀሳ» ተብሎ የግዳጅ ሥራ ካምፕ ይወርድ ነበር። በቀልድ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አሉ። ለእነሱ ክብር ብለህ ቀልድ ትከለክላለህ?

ኮስታራው፦ እነሱ የቀለዱት እዚያው ሆነው፣ ነፍሳቸውን አስይዘው ነው። ሰውዬው ከሞተ 64 ዓመት ቆይቶ፣ ከለንደን ሆኖ መቀለድ ምን ጀግንነት አለው? ኮሜዲያኑ ቻፕሊን እንኳን በ1940 በፊልሙ ሂትለር በሕይወት እያለ ነው የቀለደበት። እሱም ቢሆን በኋላ በሕይወት ታሪኩ፣ የናዚ ካምፖቹን እውነተኛ ሰቆቃ ባውቅ ኖሮ ፊልሙን አልሠራውም ነበር ብሏል። ቻፕሊን ያፈረበትን እናንተ ታጨበጭባላችሁ።

ጠያቂ፦ «አፈረ» የሚለውን ከየት አመጣኸው? አልሠራውም ነበር ማለትና ማፈር አንድ ነው?

የድሮ ተማሪ፦ ወንድሜ ኮስታራው፣ አንድ ነገር ብቻ። 64 ዓመት ካለፈው ሚኒስቴሩን ምን አስደነገጠው? የሰጡት ምክንያት ፊልሙ በሶቪየት ታሪክና በስታሊን ሰለባዎች ጭምር ይሳለቃል የሚል ነው። በናዚ ጀርመን ላይ የተገኘው የስታሊንግራድ ድል 75ኛ ዓመት መዳረሻም ነበር። ሰለባዎቹ የሚታወሱት ፊልም ሲታገድ ብቻ መሆኑ አይገርምም?

ኮስታራው፦ እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ የሚኒስቴሩ ቃል አቀባይ አይደለሁም።

ፊልም ወዳጅ፦ ደብዳቤውን ግን በቃልህ ይዘኸዋል 😂

ሚዛን፦ እኔ ሌላ ቅሬታ አለኝ። ቤሪያን አውሬ ብቻ አደረጉት። ስታሊን በሞተ ወር ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ እስረኛ እንዲፈታ ያደረገው እሱ ነው እኮ።

ጠያቂ፦ ኧረ ጉድ! አሁን ደግሞ ለቤሪያ ጠበቃ ቆመለት። ከተፈቱት ውስጥ የፖለቲካ እስረኞቹ ስንት ነበሩ? አብዛኞቹ እዚያው ቀርተዋል።

ሚዛን፦ የስታሊን ሚኒስትር የነበረውን የሞሎቶቭን ሚስትስ ማን አስፈታት?

ጠያቂ፦ እስዋን ስታነሳ ሞሎቶቭንም አንሳ። ሚስቱ ከፓርቲ ትባረር ሲባል ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ። ያቺ ድምፀ ተዓቅቦም አስፈርታው፣ ተሳስቻለሁ ብሎ ለስታሊን ጻፈ። እሷ ከታሰረች በኋላም ስታሊንን ማገልገሉን አልተወም። እና በዚህ ሰው አልስቅ?

ኮስታራው፦ ሳቅ! ማን ያዘህ? እኔ ግን ግማሹ ላይ አጠፋሁት።

ፊልም ወዳጅ፦ አሃ! ስለዚህ ሙሉውን ሳታይ ነው ሁለት ቀን ሙሉ የምታስለፋን?

ኮስታራው፦ የገማ እንቁላል ጨርሼ መብላት አለብኝ?

ተመልካች፦ እንቁላሉን ተወውና፣ የማን ሬሳ ነው ያልኩህን መልስ።

ባለ ቅላጼው፦ የብሩክሊኑን ጉዳይ ግን ማንም አልመለሰልኝም።