የተዘጋው የቆሻሻ ማሸጋገሪያ ግቢ ምን ይሁን? (ባሕር ዳር)

ጥያቄ፦ የሰፈር ኮሚቴ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ የቆሻሻ ማሸጋገሪያ ግቢ ነበር። ማኅበራቱ ከየቤቱ በጋሪ የሰበሰቡትን እዚያ ያራግፉታል፤ ትልቁ መኪና ጭኖ ወደ መድፊያው ይወስዳል። አሁን መኪናው ገንዳ ከየመንገዱ እያነሳ በቀጥታ ስለሚሄድ ግቢው ተዘግቷል። ነዋሪው ሐሳብ ያምጣ ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ገባሁበት።

ስፋቱ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። የሲሚንቶ ወለል፣ ጋሪ የሚወጣበት ከፍ ያለ መወጣጫ፣ ግማሹን የሚሸፍን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመኪና ሚዛንና የጥበቃ ቤት አለው። ጥግ ላይ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ አለ፤ ክረምት ላይ ሞልቶ ይፈሳል። ሐይቁም ሩቅ አይደለም። የቀረቡት ሐሳቦች የልጆች ኳስ ሜዳ፣ የእሁድ ገበያ፣ የባጃጅ እጥበት፣ ብስባሽ ማዘጋጃና ፕላስቲክ መሰብሰቢያ ናቸው። ሁሉም የየራሱን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። በምን እናወዳድራቸው?

ፖሊ ግቢ
እህቴ፣ ከምርጫው በፊት ከወለሉ ሥር ያለውን እወቁ። ማሸጋገሪያና መድፊያ አንድ አይደሉም። ማሸጋገሪያ ላይ ቆሻሻው ስለማይከርም እንደ መድፊያ ሚቴን ጋዝ አያምቅም። ችግሩ ፍሳሹ ነው። ሲሚንቶው ከተሰነጠቀ ለዓመታት የተንጠባጠበው ሁሉ አፈሩ ውስጥ ገብቷል። የከተማችን አፈር ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ወለል ያነሳል። በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥልብናል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ያኔ የከርሰ ምድር ውኃው ወደ ላይ ይቀርባል፤ ጉድጓዳችሁ የሚሞላው ከላይ ብቻ ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ የድሮውን ዘበኛና ሠራተኞቹን ጠይቁ። ናፍጣ የት ይቀዳ ነበር? የመኪና ዘይት የት ይቀየር ነበር? ጎድጓዳውን ለመሙላት ቆሻሻ የተቀበረበት ቦታ አለ? ወረቀት የማይነግራችሁን እነሱ ይነግሯችኋል። ከዚያ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ ከተሰነጠቀው ወለል ሥርና ናፍጣ ከነበረበት አፈር ይወሰድ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ከግቢው ውጭ ንጹሕ ከሚመስል ቦታ። የላይኛው 30 ሳንቲ ሜትርና የ1 ሜትር ጥልቀቱ ለየብቻ ይታሸግ። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየምና ነዳጅ ይመርመር፤ ከጉድጓዱ ውኃ አሞኒያና ናይትሬት። በደብዳቤ ዩኒቨርሲቲውን ጠይቁ። ለመመረቂያ ጥናት ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ካገኛችሁ ወጪው ይቀላል።

የሽምብጥ ልጅ
ይሄ ሁሉ ላብራቶሪ ለምን? ልጆቹ አስፓልት ላይ ነው የሚጫወቱት። ሲሚንቶውን አንሱ፣ ሣር ትከሉ፣ አለቀ።

ፖሊ ግቢ
ወንድሜ፣ ሲሚንቶው እኮ ክዳን ነው። ሳይመረመር ከተነሳ ከሥሩ ያለው አፈር አቧራ ሆኖ ልጆቹ አፍ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ከተባለ እኔም ታኬታዬን ይዤ እመጣለሁ። ካልሆነ ሲሚንቶውን ጠግኖ መረብ ኳስ ማጫወት ይሻላል።

ማርታ ቡና ቤት
እንደ ቆሼ ይናዳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰው አለቀበት እኮ።

ፖሊ ግቢ
አይናድም። በመጋቢት 2009 ቆሼ ላይ የተናደው ለአሥርታት የተከመረ የቆሻሻ ተራራ ነበር፤ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። እዚህ ክምር የለም።

ጡረተኛው
ልጆች፣ አፈሩንም መርምሩ፣ እኔ ግን ወረቀቱን ነው የምጠይቀው። መሬቱ በማን ይዞታ ነው? የከተማው ፕላን ላይ ለምን ተብሎ ተቀምጧል? የቃል ተስፋ ይዛችሁ ከነዋሪው ብር እንዳታዋጡ። ሌላ ቢሮ «ለእኔ ተሰጥቷል» ብሎ ካርታ ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። ቢያንስ የአገልግሎት ፈቃድ በደብዳቤ፣ ዓመቱ ተጽፎበት፣ ማኅተም አርፎበት ያዙ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያስፈልግ እንደሆነም የአካባቢ ጥበቃ ቢሮን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አዋጁ ከ1995 ጀምሮ አለ።

የባጃጅ እጥበቱን ከዝርዝሩ ሰርዙት። ሳሙናውና የተቃጠለ ዘይቱ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚገባው። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል፤ እኛ ዳር ቆመን ዘይት እንልክለታለን?

አረንጓዴ እጅ
እኔ ብስባሽ እላለሁ። የምግብ ትርፍራፊ አለ፣ የጫት ገረባ በሽ ነው፣ እምቦጩም ሞልቷል። ጣሪያው ዝናብ ይከለክላል፣ ወለሉ ፍሳሹን ይይዛል። ክምሩ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ 15 ቀን ያህል እየተገላበጠ ከቆየ የአረሙ ዘርና ጀርሙ ይሞታል። ቴርሞሜትር ግን የግድ ነው፤ በእጅ ዳብሶ «ሞቋል» ማለት አይሆንም።

ጡረተኛው
ልጄ፣ እምቦጭ ከመቶው ከ90 በላይ ውኃ ነው። ውኃ ለማመላለስ ነዳጅ ልታቃጥል ነው? ሐይቁ ዳር ይድረቅና ይምጣ። የምግብ ትርፍራፊ ካለ ደግሞ አባ ኮዳና ጭልፊት ይሰበሰባል። አውሮፕላን ማረፊያችን ከተማው ጥግ ነው፤ ዓለም አቀፉ ምክር እንዲህ ያለ ወፍ ሰብሳቢ ቦታ ከማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር ይራቅ ይላል።

አረንጓዴ እጅ
ጋሼ፣ ስለ ወፉ አላሰብኩም ነበር። እንግዲያው ደረቅ ቅጠልና ገረባ ብቻ፣ በትንሹ፣ ጣሪያው ሥር።

የቆራሌ ሰው
ዕቃ መግዛትና መሸጥ እንጀራዬ ነው። ሁላችሁም ግቢው ላይ ምን እንደምትጨምሩ ነው የምታወሩት። ያለውን እዩት! መወጣጫው ጋሪ ወጥቶ ወደ መኪና እንዲገለብጥ የተሠራ ነው። ያንን ዛሬ ልሥራ ብትሉ ብሩን አታገኙትም። ለፕላስቲክና ለካርቶን ሲሆን ምንም ማፍረስ የለም። ሃይላንድ ካልተጨፈለቀ መኪናው የሚጭነው አየር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መጭመቂያ ማሽን ፈልጉ። ካርቶን ከረጠበ ማንም አያነሳላችሁም፣ ጣሪያው ለእሱ ይሁን። ገዢም ሳታነጋግሩ አትጀምሩ፤ ገዢ የሌለው ፕላስቲክ ሲከመር ግቢው ተመልሶ ቆሻሻ መጣያ ይሆናል፣ እሳትም ያስፈራል። ደግሞ እዚያ ይለቅሙ የነበሩ ልጆች አሉ። ኮሚቴው ውስጥ አንዳቸው እንኳን አሉ?

የሰፈር ኮሚቴ
እግዜር ይስጥልን። ከለቃሚዎቹ ማንም የለም፣ እውነት ነው፤ ሁለቱን ለቀጣዩ ስብሰባ እንጠራለን። እጥበቱ ወጥቷል። ገበያውም ምግብ መሬት ላይ ስለሚዘረጋ የአፈሩ ውጤት እስኪመጣ ይቆያል። ፕላስቲክና ካርቶኑን ከገረባው ብስባሽ ጋር አብረን ልናቀርብ ነው፤ ለልጆቹ ከበሩ በኩል ያለው ባዶ ወለል ይቀመጥላቸዋል። አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። ሚዛኑን ለብረት ሽጠን የጉድጓዱን መድፈኛ እናውጣ የሚሉ አሉ።

የቆራሌ ሰው
እንዳታደርጉት! ሚዛን የሌለው ሰው በገዢው ሚዛን ነው የሚሸጠው። አስመርምሩት፣ ማኅተም ይደረግበት። ጉድጓዱንም ውኃው ሳይመረመር እንዳትደፍኑት።