ሾቨል ናይት ላይ ባላባቱ ሳላዘው አካፋውን ወደ ታች ያዞራል። ምን ላድርግ?

ሰማያዊ ጋሻ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሾቨል ናይትን፣ ያንን አካፋ የያዘ ባላባት ያለበትን ጌም፣ ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን ደህና ነበርኩ። ፕሮፔለር ናይት የሚባለው ቦስ (የሌቭሉ መጨረሻ ላይ ያለ ዋና ጠላት) ያለበት በራሪ መርከብ ላይ ግን ተጣብቄ ቀረሁ። ነፋሱ ገፍቶ ገደል ይከተኛል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ዘልዬ ወደ ፊት ስሄድ ባላባቱ በራሱ ጊዜ አካፋውን ከእግሩ ስር ያደርጋል። ፊት ለፊቴ ያለውን ጠላት ልመታ ስል ይረፍድብኛል። ወርቄም በየሞትኩበት ተበትኖ አለቀ። እባካችሁ መላ በሉኝ።

ፒክስል
ወንድሜ፣ የምትጫወተው በአውራ ጣት በሚዞረው ስቲክ ነው ወይስ በመስቀል ቅርጹ የአቅጣጫ ቁልፍ?

ሰማያዊ ጋሻ
በስቲኩ ነው።

ፒክስል
እንግዲያው ችግሩ እሱ ነው። አየር ላይ ሆነህ "ታች" ከነካህ ባላባቱ አካፋውን ወደ ታች ያዞራል፤ ጠላት ላይ ሲያርፍ በአካፋው እንዲነጥር ነው። ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፋ ጣትህ ትንሽ ወደ ታች ካዘነበለ፣ ጌሙ "ታች" ብሎ ይቆጥረዋል። ነፋስ ሲገፋህ ደግሞ ሳታውቀው አጥብቀህ ትይዛለህ፤ የባሰ ያዘነብላል። ወደ መስቀሉ ቁልፍ ቀይር። አካፋው ከዞረብህም አትደንግጥ። የመምቻውን ቁልፍ አንዴ ስትነካ ወደ ፊት ይመታል።

አሮጌ ካሴት
ፒክስል ልክ ነው። ይቺ አካፋ ላይ መንጠር ከየት እንደመጣች ማወቅም ይጠቅምሃል። በ1989 በወጣው ዳክ ቴልስ የሚባል የኒንቴንዶ ጌም ላይ ሽማግሌው ዳክዬ በከዘራው ይነጥር ነበር። እዚያ "ታች" እና "ቢ" የሚባሉትን ቁልፎች አብሮ መያዝ ያስፈልግ ነበር። ሾቨል ናይት በ2014 ሲወጣ ይህን አቅልሎት ነው የመጣው፣ "ታች" ብቻ ይበቃል። ስለቀለለ ነው እንግዲህ በስህተት የሚነካው። እኔ ብሆን ሜጋ ማን 2 ከሚባለው የድሮ ጌም ጋር ትንሽ ጊዜ አሳልፍ ነበር። የቦሶቹን አካሄድ ማንበብ እዚያ ነው የተማርኩት።

ጨለማ ክፍል
እኔ በዚህ አልስማማም። የድሮውን ካልተጫወትክ አይገባህም ማለት ሰውን ያርቃል። ሾቨል ናይት ራሱ የመጀመሪያው ሌቭል ላይ ሁሉን ያስተምራል። ይልቅ ቴሌቪዥንህን እይ። ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ምስሉን ሲያሳምር ጊዜ ይወስዳል፤ የነካኸው ቁልፍ ዘግይቶ ይታያል። ሴቲንግ ውስጥ "ጌም ሞድ" ካለ አብራው።

ቀይ መብራት
ስለ ወርቁ ልንገርህ። ስትሞት ክንፍ ያላቸው ከረጢቶች የሞትክበት ቦታ ላይ ይንሳፈፋሉ። ተመልሰህ ትለቅማቸዋለህ። ሳትለቅም ደግመህ ከሞትክ ግን የመጀመሪያዎቹ ይጠፋሉ። ገደል አፍ ላይ ከተንሳፈፉ ተዋቸው፤ እነሱን ስል ስንቴ ወድቄያለሁ! ሌቭል ከመግባትህ በፊት ገንዘብህን መንደር ላይ ጨርስ። የምግብ ትኬት ግዛና ለአብሳዩ ስጠው፣ ጤናህን ይጨምርልሃል። የሚያበሩትን የመስታወት ኳሶች ደግሞ አትስበር። ሀብት ይወጣቸዋል፣ ግን ስትሞት እዚያ አትነሳም። አንተ አሁን የሚያስፈልግህ መነሻው ነው።

ቦሱ ጋ ስትደርስ ከኋላ ያለው መርከብ ቦምብ ይጥላል፣ ወለሉም ይበሳል። ከቀዳዳው ላይ ዓይንህን አትንቀል። ቦሱ ነፋስ ሲለቅብህ ወደ ቦሱ አቅጣጫ ግፋ።

ሰማያዊ ጋሻ
ሰዎች፣ በጣም አመሰግናለሁ! መስቀሉን ቁልፍ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ አመመኝ፣ ግን አካፋው በራሱ መዞሩን ተወ። ጌም ሞድም አበራሁ። ዛሬ ሦስት ኳስ ሳልሰብር አልፌ ቦሱ ጋ ደረስኩ። ሁለቴ ገደለኝ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ምት ብቻ ቀርቶት ነበር። ማታ እመለስበታለሁ።